ዶሜይኔን የት ላዛውር? ርካሹ ጋ ወይስ የሚታመነው ጋ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«እኔና ባለቤቴ ማተሚያ ቤት አለን። ፒያሳ ነበርን፤ ሰፈሩ ሲነሣ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ተዛወርን። ደንበኞቻችን አሁንም የሚያገኙን በየካላንደሩና በየአጀንዳው ላይ ባተምነው የዌብሳይትና የኢሜይል አድራሻ ነው። አድራሻው ዶት ኮም ነው። ዌብሳይቱን የሠራልን ልጅ ዶሜይኑንም (የአድራሻውን ስም) ራሱ ነው የገዛልን፤ አሁን ቶሮንቶ ነው የሚኖረው። የመጀመሪያው ዓመት 3 ዶላር ብቻ ነበር። ዘንድሮ የላከልን የእድሳት ሒሳብ ግን 23 ዶላር ሆኗል፤ ‹ፕራይቬሲ› ለሚባል ነገር ደግሞ 10 ዶላር ተጨምሮበታል። ሊያልቅ 40 ቀን ቀርቶታል። አንዱ ‹በ1 ዶላር የሚሸጥ አለ፣ አዲስ አውጪ› ይለኛል። ሌላው ‹እዚሁ በቴሌብር ከፍለሽ ተገላገዪ› ይላል። የባለቤቴ ወንድም ‹ዶት ኢቲ አድርጉት› ይላል። ዋጋውም ሳይጎዳን፣ ስሙም ሳይጠፋብን የት እንሂድ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

የ23 ዶላሩን ሒሳብ ለጊዜው አይክፈሉ፤ አዲስ ስም መግዛትም አያስቡ። ያለውን ስም በራስዎ ኢሜይል ወደሚከፍቱት አካውንት ያዛውሩት። ዶት ኮም ከአንዱ ሬጅስትራር (የዶሜይን ስም ከሚመዘግብና ከሚሸጥ ድርጅት) ወደ ሌላው ሲዛወር የሚከፍሉት ገንዘብ የአንድ ዓመት እድሳትንም ይጨምራል። የቀሩት 40 ቀናትም አይቃጠሉም፤ አዲሱ ዓመት በእነሱ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ለማዛወር አንድ፣ ለማደስ ሌላ ክፍያ የለም። 40 ቀን ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ግን ዛሬውኑ መጀመር አለብዎት።

ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት ስሙ በማን እንደተመዘገበ ያጣሩ። ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው አካውንቱ የልጁ ነው፤ የተመዘገበው ኢሜይልም የእሱ ሳይሆን አይቀርም። ሬጅስትራሩ ባለቤት ብሎ የሚያውቀው «ሬጅስትራንት» በሚለው ቦታ ላይ የሰፈረውን ሰው ወይም ድርጅት ነው፤ ገንዘቡን በየዓመቱ የምትልኩት እናንተ መሆናችሁን አያውቅም። ስሙ እንዲጠፋባችሁ ልጁ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ስልኩ ቢጠፋ፣ ኢሜይሉ ቢዘጋ፣ ሥራ በዝቶበት አንድ ወር መልእክት ባያይ የእናንተ አድራሻ አብሮ ይጠፋል። የማተሚያ ቤቱን ንግድ ፈቃድ በሌላ ሰው ስም አውጥቶ በሰላም እንደ መተኛት ነው።

ዶሜይኑን የአይካን «ሉክአፕ» ገጽ ላይ ጽፈው ይፈልጉት። አይካን እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመ፣ የዶሜይን ሥርዓቱን የሚያስተባብርና ለሬጅስትራሮች እውቅና የሚሰጥ ድርጅት ነው። የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጸና ወዲህ አብዛኞቹ ሬጅስትራሮች ይደብቁታል። አራት ነገር ግን ይታይዎታል፦ ሬጅስትራሩ ማን እንደሆነ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ኔምሰርቨሮቹ (ስሙ ወዴት እንደሚመራ የሚናገሩት ኮምፒውተሮች) እና «ስታተስ» (የስሙ ሁኔታ) የሚለው መስመር። ስክሪንሾት አንሥተው ያስቀምጡ። ስታተሱ «ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» ቢል አይደንግጡ። ይህ ጥሩ መቆለፊያ ነው፤ ልጁ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ይከፍተዋል። «ክላየንት ሆልድ» ካለ ግን ሬጅስትራሩ ስሙን አግዶታል ማለት ነው፤ ምክንያቱ ተጣርቶ ሳይፈታ ማዛወር አይታሰብም።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ጋ ደረስን። ማንም ጤነኛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ልጁ ስሙንና ኢሜይሉን ወደ እኛ ይቀይርልን፣ ከዚያ እናዛውረዋለን» ብሎ ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ይመስላል፤ ለእናንተ ግን አደገኛ ነው። የሬጅስትራንቱ ስም፣ ድርጅት ወይም ኢሜይል ሲቀየር ብዙ ሬጅስትራሮች ዶሜይኑን ለ60 ቀን እንዳይዛወር ይቆልፉታል። ሌባ አካውንት ሰብሮ ስም ቀይሮ እንዳይሮጥ የተደረገ ጥበቃ ነው። እናንተ ያላችሁ 40 ቀን ነው። ዛሬ ኢሜይሉ ከተቀየረ መቆለፊያው የሚፈታው ስሙ ካለቀ ከ20 ቀን በኋላ ይሆናል፤ ያኔ የግድ እዚያው በ23 ዶላር ማደስ ይመጣል። አንዳንዶቹ ለውጡን ከማጽደቃቸው በፊት «የ60 ቀን ቁልፉ ይቅር» የሚል ምርጫ ያሳያሉ፤ አንዴ ካለፈ ግን አይመለስም። ስለዚህ በእናንተ ሁኔታ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ ልጁ ምንም ሳይቀይር መቆለፊያውን ከፍቶ የማዛወሪያ ኮዱን ይስጣችሁ፤ እናንተ ወደ ራሳችሁ አካውንት ስቡት፤ ስሙንና ኢሜይሉን እዚያ ሆናችሁ አስተካክሉ። ከዝውውር በኋላም የ60 ቀን ቁልፍ አለ፤ ቤታችሁ ከገባ በኋላ ግን ቢቆለፍ አይጎዳችሁም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ዶት ኮምን በጅምላ የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የሚባል ኩባንያ ነው፤ የትኛውም ሬጅስትራር ለእያንዳንዱ ስም በዓመት ለእሱ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ይህ ዋጋ 10.26 ዶላር ነው። አይካን ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በዓመት 0.20 ዶላር ያስከፍላል። ድምሩ 10.46 ዶላር ይመጣል፤ የዕቃው መነሻ ዋጋ ይህ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የሬጅስትራሩ ትርፍ፣ የአገልግሎት ወጪና ማስታወቂያ ነው። ከዚህ በታች የሸጠ ሬጅስትራር የመጀመሪያውን ዓመት በኪሳራ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ገንዘቡን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከእናንተ ይሰበስባል። የ3 ዶላሩ ምሥጢር ይኸው ነው።

ስለዚህ የሚወዳደረው የእድሳት ዋጋ ነው። በወረቀት ላይ የአምስት ዓመት ሒሳብ ይሥሩ። በ3 ዶላር ጀምሮ በ23 ዶላር የሚታደሰው፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የፕራይቬሲ (የባለቤቱን መረጃ የመሸፈኛ አገልግሎት) 10 ዶላር ሲጨመርበት፣ በአምስት ዓመት 135 ዶላር ይሆናል። ያለ ቅናሽ ከመጀመሪያውም በ11 ዶላር የሚሸጠውና ፕራይቬሲን በነጻ የሚሰጠው 55 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 80 ዶላር ነው፣ ለዚያውም ለአንድ ስም። የእድሳቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከትልቁ የቅናሽ ጽሑፍ ሥር በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ካላገኙት ቅርጫት ውስጥ ከትተው ዓመቱን ከ1 ወደ 2 ይቀይሩትና ድምሩ በስንት እንደጨመረ ይዩ። የጨመረው እሱ ነው የእድሳት ዋጋው።

ቅርጫቱ ውስጥ ሳሉ ያላዘዙት ነገር ተጨምሮ እንደሆነ ይፈትሹ። ፕራይቬሲ ዛሬ በብዙ ቦታ ነጻ ነው፤ 10 ዶላር የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። የኤስኤስኤል ሰርተፊኬትም (ከዌብሳይቱ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት የሚመሰጥረውን) አይግዙ፤ አብዛኛው ሆስቲንግ (ዌብሳይቱን የሚያስተናግድ ድርጅት) ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለውን ነጻ ሰርተፊኬት በራሱ ይጭናል።

የብሩ ነገር ደግሞ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ በባንክ ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቬሪሳይንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ከነበረው 7.85 ዶላር አንሥቶ አራት ጊዜ ነው የጨመረው። በሁለት በኩል ዋጋው ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ፣ ካርድ በእጅዎ ሲገባ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት በአንድ ጊዜ መክፈል ለአዲስ አበባ ነጋዴ ከማንኛውም የቅናሽ ኩፖን ይሻላል። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ ሊከፈልበት ይችላል።

«በ1 ዶላር አዲስ አውጪ» ላለዎት ሰው መልሱ ካላንደሮቹ ላይ ነው። አዲስ ስም ማለት በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አድራሻ ወደ ባዶ ቦታ ይመራል ማለት ነው። ይባስ ብሎም የተዉትን ስም ሌላ ሰው ሊገዛውና ወደ እናንተ የሚላኩ ኢሜይሎችን ሊቀበል ይችላል፤ ደንበኞቻችሁ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ፋይል ለሕትመት ይልኩላችኋልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም በ1 ዶላር የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ዶት ኦንላይንና ዶት ስቶርን የመሳሰሉት ናቸው፤ በሁለተኛው ዓመት 30 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ፈጽሞ ነጻ የነበሩትን እነ ዶት ቲኬንም ያስታውሳሉ፤ የሚያድለው ፍሪኖም እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ምዝገባ አቆመ፣ በ2024 ደግሞ ከሥራው መውጣቱን አስታወቀ።

መታመን ስንል ምን ማለታችን ነው? የስም ትልቅነት አይደለም። ጉግል እንኳ የዶሜይን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2023 ለስኩዌርስፔስ ሸጦታል፤ 10 ሚሊዮን ገደማ ስሞች ባለቤቶቻቸው ሳይመርጡ ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ። ሬጅስትራር ከነጭራሹ ሲወድቅም ታይቷል። ሬጅስተርፍላይ የተባለው በ2007 እውቅናው ተሰርዞ ደንበኞቹ ብዙ ተንከራተዋል፤ ሬጅስትራሮች የደንበኞቻቸውን መረጃ በየጊዜው ሦስተኛ ወገን ዘንድ እንዲያስቀምጡ በጥብቅ መጠየቅ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አይካን እውቅና የሰጠው ሬጅስትራር ቢዘጋ እንኳ ስምዎ ወደ ሌላ ይተላለፋል፤ ይህ ግን የሚሠራው መረጃው ውስጥ የእርስዎ ስምና የሚሠራ ኢሜይል ካለ ነው። እውቅና ያላቸው ሬጅስትራሮች ዝርዝር አይካን ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

ከእውቅናው ቀጥሎ የምንመክርዎ መፈተኛ መውጫውን ማየት ነው። የማዛወሪያ ኮዱን ራስዎ አካውንቱ ውስጥ ገብተው ያገኙታል ወይስ በጥያቄ ነው የሚሰጠው? በደንቡ መሠረት ሬጅስትራር ኮዱን በተጠየቀ በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ለአይካን በነጻ ማመልከት ይቻላል። ጥሩ ሬጅስትራር ግን እዚያ አያደርስም፤ ቁልፉና ኮዱ አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ሁለተኛ፣ ካለቀ በኋላ ስንት ቀን በተራ ዋጋ እንደሚያድስና የመቤዣ ክፍያው (ጊዜው ያለፈበትን ስም ለማስመለስ የሚከፈለው) ስንት እንደሆነ በግልጽ ጽፎታል? የደበቀ ሰው በዚያ ነው የሚያተርፈው። ሦስተኛ፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ ብቻ ነው ወይስ በስልክ አፕ? ከውጭ የሚላክ የማረጋገጫ ኤስኤምኤስ ወደ 251 ቁጥር ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስም፤ በቸገረዎ ቀን ደጃፍ ላይ እንዳይቀሩ አፑን ይምረጡ፣ መጠባበቂያ ኮዶቹንም አትመው ካዝና ውስጥ ያስቀምጡ።

በእነዚህ ሲመዘን ለእናንተ ፖርክባን ወይም ኔምቺፕ ይስማማል። ሁለቱም ፕራይቬሲን በነጻ ይሰጣሉ፤ ፖርክባን ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ፣ ከ11 ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ነው ዶት ኮምን የሚያድሰው። ኔምቺፕ በእድሳት ከእሱ ይወደዳል። ክላውድፍሌር ከሁሉም ይረክሳል፤ ምንም ትርፍ ሳይጨምር በመነሻው ዋጋ ነው የሚሸጠው። ነገር ግን የራሱን ኔምሰርቨር እንድትጠቀሙ ያስገድዳል፤ ዲኤንኤስ (ስሙን ከዌብሳይቱና ከኢሜይሉ ጋር የሚያገናኙትን መዝገቦች) የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ ግን ለ1 ዶላር ብላችሁ አትድከሙ።

አገር ውስጥ በቴሌብር ከፍሎ መገላገል መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ደውለው በአማርኛ ይነጋገራሉ፣ በብር ይከፍላሉ፣ የውጭ ካርድ አይፈልጉም። አገር ውስጥ ዶት ኮም የሚሸጡልን ሆስቲንግ ድርጅቶች በአብዛኛው ከውጭ ሬጅስትራር ተቀብለው የሚያከፋፍሉ ናቸው። ይህ ነውር የለውም፤ ግን በመካከል አንድ እጅ ተጨምሯል። ብልሽት የሚፈጠረውም እዚያ ነው፦ እርስዎ ከፍለው ደረሰኝ ይዘዋል፣ አከፋፋዩ ግን ዶላር አጥቶ ወይም ረስቶ ወደ ላይ አልከፈለም። ስለዚህ ከእነሱ ጋር ከሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ። ከመክፈልዎ በፊት ሬጅስትራሩ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልስ ከሌላቸው ይተዉት። ሬጅስትራንቱ የእናንተ ድርጅት መሆኑንና የማዛወሪያ ኮድ ሲጠየቁ እንደሚሰጡ በጽሑፍ ይቀበሉ። ከከፈሉ በኋላ ደረሰኙን ሳይሆን ሉክአፕ ላይ የማለቂያውን ቀን ይመልከቱ። ይህን ማየት ያለብዎት የድሮው ማለቂያ ቀን ሳይደርስ ነው። ካለፈ በኋላ የዶት ኮም ሬጅስትሪ (ቬሪሳይን) በራሱ አንድ ዓመት ጨምሮ ስለሚያሳይ ያልተከፈለበት ስም የተከፈለበት ይመስላል፤ ብዙ ሰው «ቀኑ ተራዝሟል» ብሎ የተዘናጋው በዚህ ነው።

ዶት ኢቲ፣ ማለትም የኢትዮጵያ የአገር ዶሜይን፣ የኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በዶት ኮም ዶት ኢቲ መልክ ይወጣል። የአይካን የዝውውር ደንቦች አይገዙትም፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሬጅስትራሮችም አይሸጡትም። በድርጅታችሁ ስም ብታወጡትና ወደ ዋናው ዌብሳይት እንዲመራ ብታደርጉ ስማችሁን አገር ውስጥ ያስጠብቃል። በዶት ኮሙ ምትክ ግን አይሁን።

ስለ ክፍያው፦ በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ ተራ የኤቲኤም ካርድ በውጭ ዌብሳይት ላይ አይሠራም፤ ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ዘመድ ይክፈልላችሁ፤ አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል ይከፈትና ዘመድ የካርዱን ቁጥር ብቻ ያስገባ። ያ ዘመድ ውጭ አገር ሆኖ በራሱ አካውንት ከገዛው የቶሮንቶው ታሪክ ይደገማል። «ኦቶ ሪኒው» (ስሙን በራሱ የሚያድሰው) ይብራ፤ ግን አትመኑት። ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ወይም ሒሳቡ ውስጥ ዶላር አይኖርም፤ ሙከራው ይከሽፍና ማስታወቂያው በኢሜይል ብቻ ይመጣል። አንዳንድ ሬጅስትራሮች፣ ኔምቺፕን ጨምሮ፣ አካውንቱ ውስጥ ገንዘብ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። 30 ዶላር እዚያ ተቀምጦ ከሆነ እድሳቱ ካርድ ሳይነካ ያልፋል።

አካውንቱን የሚከፍቱበት ኢሜይል በዚሁ ዶሜይን ላይ ያለው መሆን የለበትም። ዶሜይኑ ሲያልቅ ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል፤ «አልቋል፣ አድሱ» የሚለው መልእክትም ሆነ የፓስወርድ መቀየሪያው ወደ ሞተው ሣጥን ይሄዳል። ጂሜይል ይክፈቱለት፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን።

ፎርሙ ላይ «ኦርጋናይዜሽን» በሚለው ቦታ የማተሚያ ቤቱን ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ያስገቡ፤ ያ ቦታ ከተሞላ ባለመብቱ ድርጅቱ ነው። የእርስዎን ስም በፓስፖርትዎ ወይም በፋይዳዎ ላይ ባለው ፊደል ሳያዛንፉ ይጻፉ። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል መጨረሻዋ በ«ዋይ»ም በ«አይ»ም ሊጻፍ ይችላል፤ አካውንቱ ተቆልፎ መታወቂያ ሲጠየቅ የማያውቅዎት ሠራተኛ ሁለቱን ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያያቸው። የአባት ስም «ላስት ኔም» ላይ ከገባ ሁልጊዜም እንደዚያው ይሁን፤ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት አይሁን። ፖስታ ኮድ የግድ ካለ 1000፣ ስልኩ 251 ካለ በኋላ ዜሮው ይቅር። ከዚያ የሚመጣውን «ኢሜይልዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት በ15 ቀን ውስጥ ካልተጫኑት ስሙ ይታገዳል፤ ዌብሳይቱም ኢሜይሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ስፓም ውስጥም ይፈልጉት።

አሁን ዝውውሩ ራሱ። መጀመሪያ ስክሪንሾቱ ላይ ያሉትን ኔምሰርቨሮች ይዩ። የሆስቲንግ ድርጅታችሁ ከሆኑ ዝውውሩ ምንም አያቋርጥም፤ እነሱ ባሉበት ይቆያሉ። የድሮው ሬጅስትራር ከሆኑ ግን ስሙ ሲወጣ አገልግሎቱን ሊያቋርጠው ስለሚችል መዝገቦቹ በሙሉ አስቀድመው ወደ አዲሱ ቦታ መገልበጥ አለባቸው። ሰው ሁሉ የዌብሳይቱን «ኤ» መዝገብ ያስታውሳል፤ የሚረሳው ኢሜይል የሚያመጣው «ኤምኤክስ» እና የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡት «ቲኤክስቲ» መዝገቦች ናቸው። ዌብሳይቱ ተከፍቶ ስለሚታይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ኢሜይል ግን አይገባም፣ የማይገባ ኢሜይል ደግሞ ድምፅ የለውም። ደንበኛው «ፋይሉን ከላክሁ አራት ቀኔ» ብሎ ሲደውል ነው የሚታወቀው። ኔምሰርቨር ከተቀየረ ለውጡ በየቦታው እስኪደርስ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላልና ዓርብ ማታ ይጀመር። «ዲኤንኤስሴክ» (መዝገቦቹ እንዳይጭበረበሩ የሚጠብቀው) በርቶ ከሆነ ልጁ ከሁለት ቀን በፊት ያጥፋው፤ በርቶ ኔምሰርቨር ከተቀየረ ስሙ ጭራሽ አይከፈትም።

ኮዱን አዲሱ ሬጅስትራር ላይ አስገብተው ከከፈሉ በኋላ የድሮው ሬጅስትራር ለልጁ ኢሜይል ይልካል። «አጽድቅ» የሚለውን ከተጫነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ዝም ካለ በ5 ቀን በራሱ ያልፋል። ማለቂያው 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ ዝውውሩ ካልተጀመረ ግን ከእንግዲህ አይጠብቁ፤ 23 ዶላሩን ከፍለው እዚያው ያድሱት። ከማለቁ በፊት የታደሰ ዓመት አይጠፋም፤ በኋላ ተረጋግተው ሲያዛውሩት ይዞት ይሄዳል። የሚጠፋው ካለቀ በኋላ ታድሶ በ45 ቀን ውስጥ ከተዛወረ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ከፍለው አንድ ዓመት ያገኛሉ።

ቢያልቅስ? ሬጅስትራሩ እንደ ፈቃዱ እስከ 45 ቀን በተራ ዋጋ ሊያድስ ይችላል፤ ብዙዎቹ ያን ያህል አይጠብቁም፣ አንዳንዶቹም በመካከሉ ስሙን ለጨረታ ያወጡታል። ከዚያ 30 ቀን የመቤዣ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ለመመለስ ከእድሳቱ በላይ ብዙ ጊዜ 80 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ቀጥሎ 5 ቀን ማንም አይነካውም፤ ከዚያ ይለቀቃል፣ ጥሩ ስም ከሆነም በሴኮንዶች ውስጥ በማሽን ይነጠቃል።

በዚህ መካከል «ዶሜይንዎ ሊሰረዝ ነው፣ እዚህ ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል ከማያውቁት ቦታ ቢመጣ ሊንኩን አይንኩ። የሬጅስትራሩን አድራሻ ራስዎ ጽፈው ገብተው ይዩ።

ለልጁ ዛሬ የሚልኩት መልእክት ከዚህ በታች አለ። እንዳለ ገልብጠው በቴሌግራም ይላኩት። እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ያልነው ያን ጊዜ ቶሮንቶ ጠዋት ስለሆነ ነው፤ የአንዳንድ ሬጅስትራሮች ኮድ በቀናት ውስጥ ስለሚያልፍበት ሁለታችሁም ስልክ ላይ ሳላችሁ ቢሠራ ይሻላል።

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ዶሜይኑን በድርጅታችን ስም ወደ ከፈትነው አካውንት ልናዛውረው ነው፤ እስከ ዛሬ ስለጠበቅህልን እግዚአብሔር ይስጥልን። አራት ነገር እንድታደርግልን ነው። አንደኛ፣ ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ምንም እንዳትቀይር፤ ከቀየርህ 60 ቀን ይቆለፋል። ሁለተኛ፣ ኦቶ ሪኒው አጥፋው፤ ከማለቂያው በፊት ካርድህን እንዳይቆርጥ። ሦስተኛ፣ የዲኤንኤስ ገጹን በሙሉ ስክሪንሾት አድርገህ ላክልን፤ ኤምኤክስና ቲኤክስቲ እንዳይቀሩ፤ ዲኤንኤስሴክ በርቶ እንደሆነም ንገረን። አራተኛ፣ የፊታችን እሑድ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንደዋወልና ቁልፉን ከፍተህ ኮዱን ስጠን፤ የሚመጣልህን ኢሜይልም እዚያው አጽድቅልን። ለእሑድ የማይመችህ ከሆነ ዛሬውኑ አሳውቀኝ።»